የፈረስ ልብ በገመድ አይያዝም

ፈረስ ታላቅ ኀይል የተሰጠው እንስሳ ነው። የጎለመሰ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ እርሱን ይዞ ወደ ውሃ የሚወርደው ልጅ ግን 30 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። እንግዲህ ይህ ታናሽ ልጅ ያንን ታላቅ እንስሳ በምን ይመራዋል? በገመድ ነው ያልን እንደ ሆነ ተሳስተናል። ፈረስ ለመሸሽ የቈረጠ እንደ ሆነ የልጅ ክንድ ይቅርና የሦስት ጐልማሶች ክንድ አያቆመውም። ገመድ የሚይዘው የፈረሱን ራስ ብቻ ነው። ፈረስ በእውነት የሚመራው ልቡ ወደ ሳቢው ሲመለስ ነው።

ፈረስ የሚገሩ ሰዎች ኮርቻ ከመጫናቸውና ከመቀመጣቸው አስቀድሞ፥ በምድር ላይ ቆመው፥ ፈረሱን በገመድ ይዘው፥ መሄድን፥ መቆምን፥ ወደ ኋላ ማፈግፈግንና መዞርን ያስተምሩታል። ጸጥ ባለ ሜዳ ላይ ይህን ማስተማር ብዙ አያስቸግርም። ችግር የሚመጣው ውሻ ሲጮኽ፥ ጃንጥላ ሲዘረጋ፥ የጭነት መኪና ሲያልፍ፥ ወይም ሌላ ፈረስ ከሩቅ ሲያሽካካ ነው። በዚያን ጊዜ ትናንት የታዘዘው ፈረስ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ዐይኑን ያፈጣል፤ እግሩን ይተክላል፤ ሳቢውንም ፈጽሞ ይረሳል። ስለዚህ የፈረስ ልብ በሁከት መካከል እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ፥ ፈረስ ላለው ቤት ልጅ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ፈረስ ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርግ እንመልከት። ፈረስ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው፤ የሚወጋበት ቀንድ፥ የሚቧጥጥበት ጥፍር የለውም። በዱር ይኖሩ የነበሩት የፈረስ አባቶች ከአውሬ አፍ የዳኑት አስቀድመው በማየትና ፈጥነው በመሸሽ ነው። ቀድሞ የሸሸው ተረፈ፤ የዘገየው ተበላ። ፈጣሪም ለዚህ ኑሮ የሚስማማ ዐይንና ጆሮ ሰጠው። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስለ ሆኑ፥ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ሁሉ ለማየት የሚቀረው ጥቂት ነው፤ አንድ ክብ በ360 ክፍል ቢከፈል ፈረስ 350 ያህሉን ያያል። የማያየው በግንባሩ ፊት ያለውን ጥቂት ስፍራና ከጅራቱ በስተኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ በድንገት የሚቀርበውን ሰው ሳያውቅ ይራገጠዋል። ጆሮዎቹም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚዞሩ ናቸው፤ አንደኛው ወደ ፊት ሲያደምጥ ሁለተኛው ወደ ኋላ ሊያደምጥ ይችላል። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ደግሞ ይሰማል።

ይህን ያወቀ ሰው ፈረስ ወዲያና ወዲህ በተመለከተ ጊዜ ንቀት ነው አይልም። ፈረሱ ዙሪያውን የሚጠብቀው ሕይወቱን ለማዳን ነው። በልቡም፦ «ይህ ነገር ይበላኛልን? ልሽሽን ወይስ ልቁም?» እያለ እንደሚጠይቅ ቍጠረው። ሳቢው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው እንደ ሆነ ፈረሱ ይቆማል፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን አባቶቹ እንዳደረጉት ያደርጋል።

ብዙ ሰዎች ግን በዚህ ሰዓት የሚሰጡት መልስ ዱላ ነው። የአገራችን ሰው «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ይላል። በቅሎዪቱ ያለ ቃጭልም ትደነብራለች፤ በአንገቷ ቃጭል ቢንጠለጠልባት ግን በሮጠች ቍጥር ቃጭሉ ይጮኻል፥ በጮኸም ቍጥር አብልጣ ትሮጣለች። ፈረስን በፈራ ጊዜ መምታትም እንዲሁ ነው። ፈረሱ ጃንጥላ አይቶ ሲፈራ ጀርባው ቢገረፍ፥ ያመመው ጃንጥላው እንደ ሆነ ይማራል። ነገ ጃንጥላ ሲያይ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ጃንጥላውንና ግርፋቱን።

ይህ ምክር የዛሬ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ዜኖፎን የሚባል የግሪክ አገር ጦረኛና ጸሓፊ ስለ ፈረስ አያያዝ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚህም መጽሐፍ ውስጥ፥ ወጣት ፈረስ ሕዝብ በበዛበት ስፍራ እየተሳበ ልዩ ልዩ ነገር እንዲያይና ልዩ ልዩ ድምፅ እንዲሰማ ማልመድ እንደሚገባ ይመክራል። ፈረሱ የፈራ እንደ ሆነም በጭካኔ ሳይሆን በዝግታ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ማስተማር እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ደግሞም ሰው በቍጣ ሆኖ ወደ ፈረስ ከቶ መቅረብ እንደማይገባው ይናገራል፤ ቍጣ አርቆ አያይምና፥ በኋላ የሚያስጸጽት ሥራ ያሠራል።

ስለ ታላቁ እስክንድርም ፕሉታርክ የተባለው ታሪክ ጸሓፊ የተረከው ነገር አለ። ለአባቱ ለንጉሥ ፊልጶስ ቡኬፋሎስ የሚባል ፈረስ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ፥ ፈረሱ ማንንም አላስቀርብ አለ፤ ንጉሡም መልሳችሁ ውሰዱት አለ። ብላቴናው እስክንድር ግን ዝም ብሎ ሲመለከት ቈይቶ፥ ፈረሱ የሚደነብረው ከፊቱ በሚንቀሳቀሰው በገዛ ጥላው እንደ ሆነ አስተዋለ። ስለዚህ ልጓሙን ይዞ ፊቱን ወደ ፀሓይ አዞረው፤ ጥላውም ወደ ኋላው ሆነ። ከዚያ በኋላ እየዳበሰ ጥቂት መንገድ አብሮት ሄዶ በላዩ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሁሉ ፈረሱን ሲመለከቱ፥ እርሱ ብቻ ፈረሱ የሚመለከተውን ነገር ተመለከተ።

በአገራችንም የፈረስ ነገር ከጥንት ጀምሮ የከበረ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። በቤተ መንግሥትም የፈረሶቹን ነገር የሚመራ ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ በአዲስ አበባ ከተማ በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በዐድዋ በተደረገው ጦርነት ብዙ ፈረሰኞች ተሰልፈዋል። የነጋሪት ድምፅ፥ የመድፍ ጩኸት፥ የባሩድ ጢስ ባለበት ስፍራ ጌታውን ተሸክሞ የሚቆም ፈረስ በአንድ ቀን እንዳልተገራ ማንም ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር፥ በብዙ ሕዝብ፥ በእልልታና በዘፈን መካከል እጅግ ብዙ ፈረሶች ባንድነት ይታያሉ። እነዚያም ፈረሶች እንደ ሌላው ፈረስ ሁሉ ለመሸሽ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚለዩት በመልመዳቸው ነው።

እንግዲህ ይህ ማልመድ እንዴት እንደሚደረግ በተራ እንናገር።

አንደኛ፥ ከሁሉ በፊት የራስህን ደኅንነት ጠብቅ። ገመዱን በእጅህ ወይም በወገብህ ላይ ከቶ አትጠምጥም። የተረፈውን ገመድ አጥፈህ በመዳፍህ ያዘው እንጂ እጅህን በክቡ ውስጥ አታግባ። ፈረሱ የሸሸ እንደ ሆነ የተያዘ ገመድ ይለቀቃል፤ የተጠመጠመ ገመድ ግን ሰውን ይጐትታል፤ በዚህም እጃቸውን ያጡና የሞቱ ሰዎች አሉ። በምትስብበትም ጊዜ በትከሻው አጠገብ ሁን። በፊቱ ብትቆም ሲዘል ይደፈጥጥሃል፤ በኋላው ብትቆም ይራገጥሃል።

ሁለተኛ፥ ከጸጥታ ጀምር። ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ዳዊት እንደማይደግም፥ በባዶ ሜዳ ላይ ሳቢውን መስማት ያልተማረ ፈረስ በገበያ አይሰማም። ሂድ ስትለው እንዲሄድ፥ ቁም ስትለው እንዲቆም፥ ወደ ኋላ ስትለው ሁለት እርምጃ እንዲያፈገፍግ በመጀመሪያ በጸጥታ አስተምረው።

ሦስተኛ፥ መልቀቅን እወቅ። ፈረስ የሚማረው ገመዱ በተሳበ ጊዜ ሳይሆን በላላ ጊዜ ነው። ገመዱን ጥቂት ሳብ አድርገህ አንድ እርምጃ ከጠየቅኸው፥ እርምጃውን ባደረገበት በዚያው ቅጽበት አላላለት። እርሱም፦ «ያሳረፈኝ ይህን ማድረጌ ነው» ብሎ ይማራል። ከታዘዘ በኋላ ገመዱን እንደ ወጠረ የሚቈይ ሰው ግን ለመታዘዝ ዋጋ እንደሌለው ያስተምረዋል።

አራተኛ፥ ጆሮውን ተመልከት። የፈረስ ጆሮ ወደ ዞረበት ልቡም ወደዚያ ዞሯል። አንዱ ጆሮ ወደ አንተ ከሆነ ከአንተ ጋር ነው። ሁለቱም ወደ ሩቅ ነገር ቢቆሙ፥ አንገቱም ቀጥ ቢል፥ ልቡ ሊሄድ ተነሥቷል ማለት ነው። የመጥሪያው ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ገና ማየት ሲጀምር የተጠራ ፈረስ በቀላሉ ይመለሳል፤ እግሩን ካነሣ በኋላ የተጠራ ግን አይሰማም።

አምስተኛ፥ በጩኸት አትጥራው፤ በሥራ ጥራው። ጥቂት ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ፥ ወደ ቀኝ እንዲዞር፥ ሦስት እርምጃ ሄዶ እንዲቆም ጠይቀው። ፈረስ እግሩን ወዴት እንደሚያኖር ሲጠየቅ ልቡ ወደ ጠያቂው ይመለሳል። ባደረገውም ጊዜ አላላለት፤ አንገቱን ዳብስለት።

ስድስተኛ፥ ወደሚፈራው ነገር በግድ አትጐትተው። አይቶ ሳለ ሊሰማህ ከሚችልበት ርቀት ላይ አቁመው። ሲረጋ ጥቂት ቅረብ፤ ራሱን ዝቅ ሲያደርግና ሲተነፍስ መልሰህ አርቀው። እንደ ገናም ቅረብ። በዚህ አኳኋን ርቀቱ ቀን በቀን ያጥራል። ትምህርቱንም አታስረዝም፤ ፈረሱ በታዘዘበትና በረጋበት ሰዓት ጨርስ።

አሁን ይህ ነገር በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል እናስብ። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ፈረሶች እየሳቡ ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር እንበል። ታላቁ በመንገድ ዳር ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች እያየ፥ ከእነርሱም ጋር እየተጠራራ ይሄዳል፤ ገመዱም እንዳያመልጠው ሁለት ጊዜ በእጁ ላይ ተጠምጥሟል። ታናሹ ገመዱን በመዳፉ አጥፎ፥ ፈረሱን እየተመለከተ ይከተላል። ከማዶ አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ በላዩም የለበሰው ሸራ በነፋስ ይርገበገባል። የሁለቱም ፈረሶች ጆሮ በአንድ ጊዜ ቆመ።

ታናሹ ይህን ባየ ጊዜ ፈረሱን ከመንገዱ አውጥቶ ወደ ሰፊ ስፍራ ወሰደው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሄድ ጠየቀው፥ አላላለት፤ ደግሞ አዞረውና አቆመው። መኪናው ሲያልፍ ፈረሱ ተንቀጠቀጠ፤ ነገር ግን አልሸሸም። ታላቁ ግን ያየው አንዳች ነገር አልነበረም። ፈረሱ በዘለለ ጊዜ ገመዱ እጁን አጥብቆ ያዘው፤ በጠጠሩም ላይ ጐተተው። እንደ ዕድል ሆኖ ገመዱ ተበጠሰ፤ ልጁም ክንዱ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ።

አንድ ሽማግሌ ደርሰው ከመሬት አነሡት፤ ክንዱንም በነጠላቸው ካሰሩለት በኋላ፦ «ልጄ፥ ፈረስህ ከመደንበሩ በፊት ምን ነገረህ?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም፦ «አባባ፥ ፈረስ ይናገራል እንዴ?» አላቸው።

«አዎን፥ በጆሮው ይናገራል። ወንድምህ ሰምቶታል። አንተ ግን በዚያን ሰዓት እጅህ እንጂ ልብህ ከፈረሱ ጋር አልነበረም» አሉት።

የሽማግሌው ቃል እውነት ነው። ሰው ፈረስን ሳያይ ሲቀር ፈረስ ሰውን ሳያይ አይቀርምና። በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ይህን የሚያስረዳ ነገር ተደርጓል። ፎን ኦስተን የሚባሉ አንድ የቀድሞ መምህር ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበራቸው። ሦስትና አራት ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ በሰኰናው ሰባት ጊዜ ምድርን ይመታ ስለ ነበረ ሕዝቡ ሁሉ ተደነቀ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ሊቃውንት ተሰብስበው መርምረው ማታለል እንደሌለበት መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ነገሩን በጥልቅ መርምሮ በ1907 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገለጠው። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ እንደ ሆነ፥ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ያልቻለ እንደ ሆነ፥ ሃንስ በትክክል አይመልስም ነበር። ለካ ፈረሱ ቍጥር አያውቅም ኖሯል፤ የሚያውቀው ሰውን ነው። ምቱ ከትክክለኛው ቍጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፤ ሃንስም ይህን አይቶ ያቆማል። ሰዎቹ በራሳቸው ላይ ያላዩትን ነገር ፈረሱ አየባቸው።

በስዊድን አገር ደግሞ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርመራ አለ። ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም በፈረስ ተቀምጠው ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ አራት ጊዜ እንዲሄዱ ተደረገ፤ የሰውየውና የፈረሱ የልብ ምት ይቈጠር ነበር። ከአራተኛው ጉዞ በፊት ለሰዎቹ፦ አሁን ስታልፉ በፈረሱ ፊት ጃንጥላ ይዘረጋል ተባሉ። ጃንጥላው ግን አልተዘረጋም። ሆኖም የሰዎቹ ልብ ፈጥኖ መታ፤ ስለ ጃንጥላው ምንም ያልሰማው የፈረሱ ልብም ፈጥኖ መታ። እንግዲህ የሳቢው ፍርሃት ራሱ አንድ ሁከት እንደ ሆነ እንረዳለን። ፈረስህ እንዲረጋ ስትፈልግ አስቀድመህ ራስህ ርጋ፤ በዝግታ ተንፍስ፤ እጅህን አላላ፤ ዐይንህን ወደምትሄድበት አድርግ።

ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ፈረስ ያላችሁ ይህን በፈረሳችሁ ላይ ፈትኑት። ፈረስ የሌላችሁ ግን ይህ ነገር አይመለከተንም አትበሉ፤ እያንዳንዳችሁ የምትስቡት አንድ ፈረስ አላችሁና፤ እርሱም ልባችሁ ነው። መጽሐፍ ገልጣችሁ ስትቀመጡ በውጭ ድምፅ ይሰማል፤ ልባችሁም ጆሮውን ያቆማል። ያን ጊዜ በራሳችሁ ላይ ብትቈጡ አይጠቅማችሁም፤ ሰነፍ ነኝ ብላችሁም ተስፋ አትቍረጡ። ገና ሊሄድ ሲነሣ ፈጥናችሁ አስተውሉት፤ አንዲት ትንሽ ሥራ፥ ለምሳሌ አንድ መስመር ማንበብ ወይም አንድ ቃል መጻፍ፥ ስጡት። በተመለሰ ጊዜም ጥቂት አሳርፉት። ዛሬ ዐሥር ጊዜ የሸሸ ልብ በየቀኑ በዚህ አኳኋን ቢጠራ፥ መንገዱን ለምዶ በጥቂት ጥሪ ይመለሳል።

ለሰውም እንዲሁ ነው። ታናሽ ወንድሙ እንዲሰማው የሚፈልግ፥ ወንድሙ ሲናገር እርሱ ራሱ ይስማ። ባልንጀራው ሲፈራ የሚያይ፥ ከመሳቅና ከመገፍተር ይልቅ የሚያስፈራውን ነገር አብሮት ይመልከት። ልብ በገመድ አይሳብም፤ በቍጣም አይመለስም። በትዕግሥት አጠገቡ ለቆመውና ልቡን አስቀድሞ ለሰጠው ሰው ግን ኀይለኛው ፈረስ እንኳ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይከተላል።